ጥፋተኛ አይሞቅም

የጋሽ ሳህሌን ሞት ያረዳኝ ሙዘይን ነው። ሙዘይን መርዶ አያውቅበትም። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ የመጀመሪያውን ዩኒፎርም መርፌው ሥር እንዳስገባሁ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና፣ "አልማዝ፣ ያቺ ሚኒባስ ዳኛዋን አጣች" አለኝ። ከዚያ የመለዋወጫ ሱቁን ቁልፍ በእጁ እንደያዘ ደጃፌ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እኔም መቀሴን ሳላስቀምጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም የምናየው አንድ ነገር ነበር፤ ከሱቃችን ፊት ለፊት፣ ከባሕር ዛፉ ሥር የቆመችውን ነጭ ሚኒባስ።

ጋሽ ሳህሌ ዕድሜ ጠግበው፣ በአልጋቸው ላይ፣ በልጅና በልጅ ልጅ ተከበው ነው የሄዱት። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለማስለቀስ አይደለም። እሳቸውን አስቦ ማልቀስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ስቆ መጨረስ አለበት፤ እኔ ደግሞ ገና አልጨረስኩም።

በሥራቸው ሹፌር ነበሩ። ከቡታጅራ ወልቂጤ፣ ከወልቂጤ ቡታጅራ፣ ሲያሻቸውም እስከ ቡኢ ይነዳሉ። ሰውም ይጭናሉ፣ ቆጮም ይጭናሉ፣ በወቅቱ ደግሞ በርበሬ። በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው። ሰፈሩ ግን የሚያውቃቸው በዳኝነታቸው ነው። ማንም አልሾማቸውም። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወንድማማቾች በአጥር ሲካሰሱ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "ጋሽ ሳህሌ ይስሙን" ይላል። እሳቸውም ይሰማሉ። ሊሰሙ ሲቀመጡ ያችን ሰፊ ቡናማ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ ያኖራሉ። ኮፍያዋ ጉልበት ላይ እስካለች ድረስ ማንም የመሰለውን ይናገራል። ተመልሳ ራሳቸው ላይ ስትወጣ ፍርድ ተሰጥቷል ማለት ነው፤ ከዚያ በኋላ አፉን የከፈተ ሰው አይቼ አላውቅም።

"ያልተሰማ አይፈረድበትም" ይሉ ነበር። ይህን ለሰው ብቻ ቢሉት ማንም ባልሳቀባቸው። እሳቸው ግን ለዕቃም ይሉታል።

አንድ ጊዜ የስፌት መኪናዬ ክር እየዘለለ አስቸገረኝና ሸጬው ልገላገል ብዬ አወራሁ። ጋሽ ሳህሌ ይህን ሲሰሙ ሰው ልገድል የተነሣሁ ያህል ደነገጡ።

"ማንን ሰማሽ?" አሉኝ።

"ማንን እሰማለሁ ጋሼ? መኪናው አርጅቷል።"

"እርጅና ጥፋት ሆነ? እንግዲያው ነገ እኔንም ልትሸጪኝ ነዋ!"

በርጩማ ስበው ተቀመጡ፤ ኮፍያዋ ጉልበት ላይ ወጣች። መርፌው ተፈትቶ ታየ፣ ነጻ ነው ተባለ። ማጠንጠኛው ታየ፣ ነጻ ነው ተባለ። በመጨረሻ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘው በርካሽ የገዛሁት ክር ነበር። ክሩ ተባረረ፤ መኪናው እስከ ዛሬ እንጀራዬ ነው።

ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሰምርላቸውም። የራሳቸውን ሬዲዮ ጉዳይ ሲመረምሩ ከርመው፣ ሽቦውን ሁሉ ፈታተው፣ ድምፅ ማጉያውን ከነመሐላው ሰምተው ሲያበቁ፣ ለካስ ባትሪ ድንጋይ አልነበረበትም። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች አውጥተው ለእጅ ባትሪያቸው ወስደውት ኖሯል። "ምነው ቀድመሽ ብትነግሪኝ?" ቢሏቸው፣ "እኔን ማን ጠርቶ ሰማኝ?" አሏቸው። እትዬ ዘነበች እንዲህ ናቸው። ባላቸው አንድ ጆንያ ወሬ ሲያወሩ እሳቸው አንዲት ቃል ይወረውራሉ፣ ያቺ ቃል ግን ቦታዋን አትስትም።

አሁን ወደ ሚኒባሷ የማሞቂያ ፋን ልምጣ።

ጋሽ ሳህሌና እትዬ ዘነበች ምህረት የምትባል አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው። አረቂጥ ታስተምር ነበር፤ ያገባችውም እዚያው ነው። አረቂጥ ከቡታጅራ ወደ ጉብሬ በሚወስደው መንገድ ተራራው ላይ ያለ ከተማ ነው። በክረምት ጭጋጉ እንደ ዘመድ ሳያንኳኳ ቤት ይገባል፤ የብርዱን ነገር ተዉት። ምህረት በነሐሴ ሴት ልጅ ወለደች። ለእትዬ ዘነበች የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ናት። የመጀመሪያ ልጅ ደግሞ እናት ቤት ነው የሚታረሰው፤ እትዬ ዘነበች ቅቤውን ካነጠሩት፣ ገንፎ ማገንፊያውን ካዘጋጁት ሰንብተዋል።

የምህረት አማት፣ የባሏ እናት፣ ግን ሌላ አሰቡ። "በዚህ ጭጋግ፣ በዚህ ብርድ ጨቅላ ከተራራ አይወርድም" አሉ። ነገሩ በስልክ ወዲያ ወዲህ ሲባል ቆይቶ አማትየው አንድ ነገር ፈቀዱ፤ "የአባቷ መኪና የሚሞቅ ከሆነ ቅዳሜ ይምጡና ይውሰዷት። የማይሞቅ ከሆነ ግን እኔው አርሳታለሁ።"

እትዬ ዘነበች ስልኩን እንደያዙ፣ "ይሞቃል እንጂ! ምድጃ በሉት!" አሉ።

ጋሽ ሳህሌ አጠገባቸው ቆመው ሳል ሳል አላቸው። የሚኒባሷ የማሞቂያ ፋን ከሰኔ ጀምሮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሞተሩ ቢግልም ሙቀቱን ወደ ውስጥ የሚነፋው ፋን ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ዝናብ ሲመጣ መስታወቱ ይደፈናል፤ ጋሽ ሳህሌ በአንድ እጃቸው መሪ፣ በአንድ እጃቸው ጨርቅ ይዘው ነበር የሚነዱት።

ሐሙስ ጠዋት ነገሩ ሱቃችን በረንዳ ላይ ደረሰ። ሙዘይን የመለዋወጫ ሱቁ ከእኔ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤቴ ነው፤ ለጋሽ ሳህሌ ሲሆን ዋጋ አይጠራም።

"ጋሼ፣ ፋኑ ሞቷል" አለ። "ያገለገለ፣ ግን ደህና የሆነ እኔ ዘንድ አለ። አሁኑኑ ይግጠሙትና ይገላገሉ።"

"ሞቷል ያለህ ማነው?"

"ይኸው ዝም ብሏል እኮ!"

"ዝም ያለ ሁሉ ይቀበራል? የእኔ ሚስት ስንት ቀን ዝም ትላለች፣ ቀብሬያት አውቃለሁ?"

"ቅዳሜ እኮ ነገ ወዲያ ነው ጋሼ!" አልኩ እኔ። እትዬ ዘነበች በስልክ የተናገሩትን ሰምቼ ነበር።

"የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አሉና በረንዳው ላይ ባዶ ጆንያ አነጠፉ። እኔንና ሙዘይንን አስቀምጠው እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ኮፍያዋ ጉልበታቸው ላይ ወጣች። "ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ተከሳሾች ይቅረቡ።"

መጀመሪያ የቀረበው ፊውዙ ነው። ነቅለው ወደ ፀሐይ አቅንተው አዩት፤ ውስጡ ያለችው ክር ደህና ናት። ልባቸው ስላላመነ የመለከቱን ፊውዝ ነቅለው በቦታው ሰኩ፤ ፋኑ ዝም። የፋኑን ፊውዝ መለከቱ ላይ ሰኩ፤ መለከቱ ጮኸ፣ ሰፈሩም ደነገጠ። "ፊውዙ ነጻ ነው" አሉ።

ቀጥሎ ማብሪያውና ሽቦው ተጠሩ። ጋሽ ሳህሌ ሁለት ሽቦ የተቀጠለባትን ትንሽ አምፖላቸውን ይዘው ከዳሽቦርዱ ሥር በጀርባቸው ገቡ። ከውጭ የሚታየው እግራቸው ብቻ ነው። እኔ በስልኬ መብራት አበራለሁ፣ ሙዘይን የታዘዘውን ያቀብላል።

"ካቻቢቴ!" ይላል ድምፃቸው ከሥር።

"ይኸው።"

"ይህ ፒንሳ ነው ሙዘይን! መለዋወጫ የምትሸጠው እንዲህ እያቀበልክ ነው?"

የፋኑን ሶኬት ነቅለው አምፖሏን አገናኙ። ቦግ አለች። "ማብሪያውም ሽቦውም ነጻ ናቸው! እስከዚህ ድረስ መብራቱን አድርሰዋል፤ የተቀበሉትን አደራ አልበሉም።" ከዳሽቦርዱ ሥር ሆነው ይህን ሲያውጁ አንድ አላፊ ሰው ቆሞ ከመኪና ጋር የሚያወሩ እግሮችን በመገረም አየ።

የቀረው ራሱ ፋኑ ነበር። የባትሪውን ገመድ ፈቱ፣ ከቀኝ በኩል ያለውን መሳቢያ አወጡ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈትተው ሙዘይን መዳፍ ላይ አኖሩ፣ ከዚያም ፋኑ ከነሞተሩ ወደ ታች ወረደ። ጆንያው ላይ አስቀምጠው በቀጥታ ከባትሪው ጋር በሽቦ አገናኙት። እንን… አለ። ግን አልዞረም።

"ነፍስ አለው!" ብለው ጮኹ። "ሰማህ ሙዘይን? ልትቀብረው የነበረው ሰው ያቃስታል!"

በጣታቸው ሊያዞሩት ሞከሩ፤ ተይዟል። አንሥተው ወደ ውስጡ አዩ። እኔም ጎንበስ ብዬ አየሁ። የፋኑ ክንፎች መካከል ቀይ ነገር ተጋግሯል፤ ድልህ የመሰለ፣ ፍሬ ፍሬ ያለበት። ሙዘይን በጣቱ ቆንጠር አድርጎ አሸተተና ሦስቴ አከታትሎ አስነጠሰ።

"ወላሂ የማረቆ በርበሬ ነው" አለ ዓይኑን እየጠረገ።

ይህን ጊዜ እትዬ ዘነበች ከኋላችን ቆመዋል። መቼ እንደመጡ አላየንም። ፋኑን አዩ፣ ባላቸውን አዩ፣ ደግመው ፋኑን አዩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው የበርበሬ ወቅት ጋሽ ሳህሌ ከማረቆ በርበሬ ሲያመጡ ያለጊዜው ዝናብ አገኛቸው። ዛላው ራሰ። ሌላ ሰው ቢሆን ፀሐይ ላይ ያሰጣል። እሳቸው ግን ዛላውን ወንበሮቹ ላይ ዘርግተው፣ መስኮት ዘግተው፣ ሞተር አስነሥተው ማሞቂያውን ቀኑን ሙሉ ለቀቁበት። ደረቀላቸው። "ዘመናዊ ማድረቂያ!" እያሉ ከተማውን አዳረሱት፤ ከዚያ ወዲያ የራሰ በርበሬ ሲያገኙ ሁሉ እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ፋኑ ደግሞ አየሩን የሚስበው ከውስጥ ነው። እትዬ ዘነበች ያኔ አንዲት ቃል ብለው ነበር፤ "ሳህሌ፣ መኪና ምጣድ አይደለም።"

አሁን ግን ያቺን ቃል አልደገሙም። ወገባቸውን ይዘው ቆሙ እንጂ።

ጋሽ ሳህሌ ከበርጩማው ተነሡ። ቀስ ብለው መጥተው ጆንያው ላይ፣ ከፋኑ አጠገብ፣ ተከሳሽ የሚቀመጥበት ቦታ ቁጭ አሉ። ኮፍያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ሚስታቸው ዘረጉ።

"ዳኛው ጥፋተኛ ሲሆን ዳኛ ይቀየራል። ዘነበች፣ ዳኚኝ።"

እኔና ሙዘይን ሳቅን። እትዬ ዘነበች አልሳቁም። በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ ኮፍያዋን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፣ "የምትለው አለህ?" አሉ።

"በርበሬው ደርቆልኝ ነበር" አሉ ጋሽ ሳህሌ በትንሽ ድምፅ።

"ሌላስ?"

"ሌላ የለኝም።"

ኮፍያዋ በሻሻቸው ላይ ወጣች። ግንባራቸውን ሁሉ ሸፈነቻቸው። "በእጅህ ታጥበዋለህ። በዚህች መኪና ውስጥ ሁለተኛ በርበሬ አይደርቅም። ለነዚህ ምስክሮች ክትፎ ታበላለህ። ልጄና የልጄ ልጅ ቅዳሜ ሳይበርዳቸው ካልመጡ ደግሞ አረቂጥ ወጥተህ የአማትየውን እንሰት ትፍቃለህ።"

"እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው እኮ!" አለ ሙዘይን።

"ለዚህ ነው የፈረድኩበት" አሉ እትዬ ዘነበች።

ጋሽ ሳህሌ በጥርስ ብሩሽ ክንፉን በክንፍ አጠቡት። እኔ የስፌት መኪናዬን ዘይት ሰጠኋቸው፤ ዘንጉ ላይ ጠብ አደረጉለት። ከባትሪው ጋር ሲገናኝ ፋኑ እንደ ንብ እዝዝ ብሎ ዞረ። ሙዘይን "አልሐምዱሊላህ!" አለ፣ እትዬ ዘነበች "ሃሌ ሉያ!" አሉ፣ እኔ እልልታዬን አቀለጥኩት። መልሰው ገጠሙት፣ ሞተር አስነሡ፣ እስኪሞቅ ጠበቅን። ከዚያ የመጀመሪያዋን ሙቀት ለመቅመስ ሁላችንም ፊታችንን ንፋስ መውጫዎቹ ላይ ደገንን። ሙዘይን መካከለኛው ላይ፣ እኔና እትዬ ዘነበች የቀኙ ላይ፣ ጋሽ ሳህሌ የሹፌሩ ላይ።

"ተዘጋጁ!" አሉና ማብሪያውን እስከ መጨረሻው አዞሩት።

ፋኑ ታጥቦ ነበር። ቱቦዎቹ ግን አልታጠቡም። የወቅቱ በርበሬ ሁሉ ፊታችን ላይ መጣ። ሙዘይን "ወላሂ ገደሉን ጋሼ!" እያለ በበሩ ወደቀ። እኔ ዓይኔን ይዤ ጆንያው ላይ ተንበረከክሁ። እትዬ ዘነበች ኮፍያዋን ፊታቸው ላይ ደፍነው ደረታቸውን ይመታሉ። ጋሽ ሳህሌ እያስነጠሱ ማብሪያውን ለማጥፋት ሲዳብሱ መለከቱን ነኩ፣ ጭራሽ ተጯጯኸ። በመንገዱ የምታልፍ አንዲት ሴት መኪና ከበን ስናነባ አይታ ነጠላዋን አዘቀዘቀችና፣ "እኔን! ማን ነው የሞተው?" ብላ ለቅሶ ልትጀምር ነበር።

"ማንም አልሞተም እህቴ" አሉ ጋሽ ሳህሌ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። "ፋኑ ተነሣ!"

ሴትየዋ ተቆጥታ ሄደች።

ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ ሁላችንንም ጨነቀን። የሚሞቅ መኪና አግኝተናል፤ ጨቅላ ሊቀመጥበት ግን አይችልም። እትዬ ዘነበች ኮፍያዋን መልሰው ሰጥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ ወዲያ በዚያ ዕለት ጋሽ ሳህሌ ሲቀልዱ አልሰማሁም።

ዓርብ ሙዘይን ሱቁን ዘጋ። ጎማ የሚነፋበትን ኮምፕረሰር ከጎሚስታው ተውሶ አመጣ። አፍንጫችንን በሻሽ አስረን በየቱቦው አየር ለቀቅንበት። ቀይ ደመና ወጣ። መንገዱ ሁሉ አስነጠሰ፤ የባጃጅ ሹፌሮች በሌላ መንገድ መዞር ጀመሩ። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች መጡና ማንንም ሳያማክሩ ፊታቸውን በቀኙ ንፋስ መውጫ ላይ ደቀኑ። ማብሪያው ተከፈተ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ቆዩ። "ይህ ንጹህ ነው" አሉ። መካከለኛውም፣ የኋላውም ንጹህ ሆነ። የሹፌሩ ግን እንቢ አለ። ቱቦው ከመሪው ሥር ጠምዘዝ ብሎ ስለሚሄድ የኮምፕረሰሩ አየር አይደርስበትም፤ ፋኑ በተነሣ ቁጥር ትንሽ ትንሽ በርበሬ ይተፋል።

"ዳሽቦርዱ በሙሉ መፈታት አለበት" አለ ሙዘይን። "ይህ ደግሞ ለነገ አይደርስም።"

እኔ ወደ ሱቄ ገባሁ። ከትምህርት ቤት ዩኒፎርም የተረፈ ሰማያዊ ቁራጭ አነሣሁ፣ ውስጡን በብጥስጣሽ ጠቀጠቅሁ፣ በሹፌሩ ንፋስ መውጫ ቀዳዳ ልክ ሰፋሁት፤ ሲፈለግ ይዘው እንዲነቅሉት ነጭ ቁልፍ ተከልኩበት። ገባ። አየር አያሳልፍም። እትዬ ዘነበች ከባላቸው ራስ ላይ ኮፍያዋን አንሥተው ደፉና፣ "ሳህሌ፣ ያቺ ቀዳዳ የአንተ ናት። ልጆቹ ይሞቃሉ። ጥፋተኛ አይሞቅም" አሉ።

"ተቀብያለሁ" አሉ ጋሽ ሳህሌ።

ቅዳሜ አረቂጥ አብሬ ወጣሁ። ጭጋጉ በቢላ የሚቆረጥ ነበር፤ መስታወታችን ግን እንደ ብርሌ ጠርቷል። አማትየው ጨቅላዋን በጋቢ ጠቅልለው ወጡ። አልሰጡንም። መኪናው ውስጥ ራሳቸው ገብተው ተቀመጡ፣ መዳፋቸውን ንፋስ መውጫው ላይ አደረጉ። ምህረት በር ላይ ቆማ ታያለች።

"ምንድን ነው የሚሸተው?" አሉ አማትየው አፍንጫቸውን ነፍተው። "በርበሬ በርበሬ ይላል።"

ጋሽ ሳህሌ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እትዬ ዘነበች ቀደሙ። "የቡታጅራ ሙቀት እንዲህ ነው የሚሸተው።"

አማትየው የጨቅላዋን የላይኛውን ጋቢ ገለጥ አደረጉና፣ "እንዳይወብቃት" ብለው እትዬ ዘነበችን አስታቀፏቸው። እትዬ ዘነበች ያን ቀን ያሳዩትን ፈገግታ እስከ ዛሬ አስታውሰዋለሁ፤ ጥርሳቸው እንዲያ የሚያምር መሆኑን አላውቅም ነበር። ቁልቁል ስንወርድ ሕፃኗ ሶስና ተኝታ ነበር። እኛ እጅጌያችንን ሰብስበናል። ጋሽ ሳህሌ ብቻ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። መሐል መንገድ ላይ እትዬ ዘነበች የተገለጠውን ጋቢ አንሥተው በባላቸው ጉልበት ላይ ጣል አደረጉላቸው፤ ቀዳዳዋን ግን አልከፈቱላቸውም።

ሰው ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል ብሎ ያስባል። ሙዘይን ሥራ ሲቀዘቅዝለት "ጋሼ፣ ዳሽቦርዱን ፈትቼ ላጽዳልዎ" አላቸው። "ፍርድ ነው" አሉት። ለዓመታት በየክረምቱ ጋቢ ለብሰው በቀዝቃዛ ጉልበት ነዱ። እኛ ቀልድ መስሎን እንስቅ ነበር። አንድ ቀን ግን የአጥር ድንበር ገፍቶ የተፈረደበት አንድ ሰው በረንዳዬ ላይ "አልቀበልም!" ብሎ ተነሣ። ጋሽ ሳህሌ አልተቆጡም። እጁን ይዘው ወደ ሚኒባሷ ወሰዱት፣ ሰማያዊዋን ጨርቅ አሳዩት። "ይህን የፈረደችብኝ ሚስቴ ናት" አሉት። "እኔም እስከ ዛሬ ይበርደኛል።" ሰውየው ጨርቋን አየ፣ ጋሽ ሳህሌን አየ፣ ሄዶ አጥሩን መለሰ። እኔ ያን ዕለት ስፌቴን ትቼ ተመለከትኳቸው። ስንት ጊዜ ሰው ላይ ፈርጄ፣ በእኔ ላይ ሲሆን ግን ስንት ጊዜ እንደሸሸሁ አሰብኩ። እኚህን ሰው እወዳቸው ነበር፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አከብራቸዋለሁ።

ጋሽ ሳህሌ የተቀበሩት በትውልድ መንደራቸው፣ እዚያው የአረቂጥ ተራራ ላይ ነው። እትዬ ዘነበች ቀብሩ ላይ አላለቀሱም። ዓይናቸው ደረቅ፣ ከንፈራቸው ገጥሞ ቆመው ነበር። ሴቶቹ "ደንዝዛለች፤ ይህ ደግሞ ይጎዳታል" እያሉ ተንሾካሾኩ።

ስንመለስ ምህረት ትነዳለች። እትዬ ዘነበች አጠገቧ ናቸው፤ እኔ፣ ሙዘይንና አሁን ተማሪ የሆነችው ሶስና ከኋላ ነን። ዝናብ ጀመረ፣ መስታወቱ ተደፈነ፤ ምህረት ፋኑን ከፈተች። ሙቀቱ መጣ። የጋሽ ሳህሌ ኮፍያ ዳሽቦርዱ ላይ እንዳለች ነበረች። እትዬ ዘነበች አንሥተው በጥቁር ሻሻቸው ላይ ደፏት። ከዚያ በልጃቸው ፊት እጃቸውን አሳልፈው ሰማያዊዋን ጨርቅ በነጩ ቁልፍ ይዘው ሳቧት።

"ሳህሌ፣ ጨርሰሃል" አሉ። "በቃ፣ ሙቅ።"

በርበሬው መጣ። ያ ሁሉ ዓመት ተዘግቶ የኖረ የማረቆ በርበሬ። ምህረት እያስነጠሰች መኪናዋን ዳር አስያዘች። ሙዘይን "ወላሂ ጋሼ!" ብሎ ጮኸ፤ ሶስና እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። እትዬ ዘነበች ኮፍያዋን ይዘው አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ መሐል ላይ እየሳቁ። ሁላችንም አብረናቸው አለቀስን።

ጃንጥላ የያዘ አንድ ገበሬ ቀረብ ብሎ በመስኮቱ አየን። ጥቁር ለብሰናል፣ እናነባለን፣ እንስቃለን፣ እናስነጥሳለን።

"ምነው እናቴ? ሐዘን ነው ወይስ ሰርግ?" አለ ግራ ገብቶት።

"ፍርዱን የጨረሰ ሰው ሸኝተን ነው ልጄ" አሉት እትዬ ዘነበች።

ገበሬው ኮፍያውን አነሣላቸው። ምህረት ሞተሩን አስነሣች። ቀዳዳዋን ማንም መልሶ አልደፈናትም፤ እስከ ቡታጅራ ድረስ እያስነጠስን ወረድን።